ከባቲና ከዞናችን ወረዳዎች የሚነሱ የሳይንስና የምሕንድስና ተማሪዎችን እስከ ምረቃ ስለሚያደርስ በጀት የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በባቲ ከተማና በዙሪያዋ ቀበሌዎች ተወልደን ያደግን፣ ዛሬ በመምህርነት፣ በምሕንድስና፣ በጤናና በግብርና ሙያ የምንሠራ፣ በአንድ ማኅበር የተሰባሰብን ባለሙያዎች ይህን መግለጫ ያወጣነው ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ፣ ባቲ ለምትገኝበት ለኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በትምህርት ዘርፍ ለሚሠሩ ለጋሾች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለተማሪ ወላጆች ነው። አቋማችን ግልጽ ነው። ከገጠር ወረዳ የተነሳ ልጅ በሳይንስና በምሕንድስና እንዲመረቅ ተብሎ የሚመደብ ገንዘብ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጀምሮ እዚያው በሩ ላይ ማለቅ የለበትም። ከ9ኛ ክፍል ተነስቶ እስከ ዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ድረስ ተማሪውን የሚከተል፣ ራሱን የቻለ የበጀት መደብ ሊሆን ይገባል። ውጤቱም በክልል አማካይ ሳይሸፈን በየወረዳው ተቆጥሮ ለሕዝብ ይፋ መደረግ አለበት።

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ደጋው አልቆ የአፋር ቆላ ሊጀምር ሲል የምትገኝ ከተማ ናት። የሰኞ ገበያዋ ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ አፋሩንና አርጎባውን ሲያገናኝ ኖሯል፤ የግመል ተራዋን የማያውቅ ነጋዴ በአካባቢው የለም። በ1977ቱ ድርቅ ደግሞ የባቲ መጠለያ ጣቢያ የረሃባችን ምስል ሆኖ በዓለም ዙሪያ ታይቷል። በዚህ ምድር ያደገ ልጅ ውሃ ከየት እንደሚቆፈር፣ በጎርፍ የሚሄደው አፈር በምን እንደሚያዝ፣ ዝናብ ሲያጥር የሚደርስ ማሽላ ከየት እንደሚገኝ ሳይጠይቅ አያድግም። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያው፣ የሲቪል መሐንዲሱና የዕፅዋት ተመራማሪው ዘንድ ነው። እኛ እስከምናውቀው ድረስ ግን ያ ባለሙያ በአብዛኛው ከሌላ ቦታ ተመድቦ የሚመጣ፣ ዝውውር ሲያገኝ የሚሄድ ሰው ነው። አንወቅሰውም፤ ወላጅና ዘመድ ያለበትን ቦታ መምረጡ የሰው ተፈጥሮ ነው። ለእኛ ልጆችም ዘመድ ያለበት ቦታ ይህ መሆኑን ግን እናስታውሳለን።

በአካባቢያችን ያለው የምሕንድስና ሥራም ትንሽ አይደለም። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር በዞናችን ያልፋል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚቀበለው ቦርከና ወደ ጨፋና ወደ ከሚሴ ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ በየመንገዱም ሰውና ከብት ይጠቀምበታል። ይህን ወንዝ ናሙና እየወሰደ የሚመረምር፣ የፋብሪካውን ማጣሪያ የሚነድፍና የሚቆጣጠር የኬሚካል መሐንዲስ ከወንዙ ዳር ካደጉት መካከል ቢወጣ ለወንዙም ለሕዝቡም ይበጃል።

ስለ ገንዘቡ ከመናገራችን በፊት አንድ የባቲ ወረዳ ልጅ የሚያልፍበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የዞናችን ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ። ይህ በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠ፣ ማኅበራችንም በጽኑ የሚደግፈው መብት ነው፤ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሒሳብን ፈጥኖ እንደሚረዳ ከመካከላችን ያሉ መምህራን በየክፍላቸው አይተውታል። ችግሩ የሚብሰው 9ኛ ክፍል ላይ ነው። ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው፣ ሒሳቡ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ልጁ እስከዚያች ቀን ድረስ እንግሊዝኛን የሚያውቀው በአብዛኛው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንጂ እንደ መማሪያ ቋንቋ አይደለም። በክልሉ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ሲኖረው ደግሞ አማርኛ ያስፈልገዋል። ሦስት ቋንቋ መያዝ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር የማገዣ ትምህርት ካልተሰጠው ጎበዙ ልጅ ስሌቱን እያወቀ ጥያቄውን ማንበብ ስላቃተው ብቻ ይወድቃል። እንዲህ ያሉ ልጆችን አስተምረናል። ሰሌዳ ላይ ወጥተው በአፋን ኦሮሞ አስረድተው የሚጨርሱትን ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ ባዶ ትተውት ይወጣሉ።

በዚህ ላይ የቤተ ሙከራው ችግር አለ። በብዙ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሉ ቢኖር ኬሚካሉ የለም፤ ኬሚካሉ ቢኖር ውሃና መብራት የለም። ተማሪው ታይትሬሽንን የሚማረው መምህሩ በጠመኔ በሣለው ቢዩሬት ነው። ያ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቢዩሬቱን በእጁ ሲይዝ አጠገቡ የቆመው የከተማ ልጅ ዓመት ሙሉ ሲሠራበት የቆየ ሊሆን ይችላል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የሚወጣው ውጤት የመላ ሀገሪቱን ጉዳት አሳይቷል። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 27,267 ሲሆኑ ይህም 3.2 በመቶ ነው። ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ መድረሱ መሻሻል ነው፤ መሻሻሉን በደስታ ተቀብለናል። እኛን የሚያሳስበን ግን 1,328 የሚለው ቁጥር በዜና ከተነገረ በኋላ የሆነው ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስም አለው፣ ወረዳ አለው፣ የልጁ ውጤት እንቅልፍ የነሳው ወላጅ አለው። ትምህርት ቤቶቹ በየወረዳው ተለይተው፣ ለእያንዳንዱ ምን እንደጎደለው ተጽፎ፣ የሚሞላበት ገንዘብ ሲመደብ አላየንም።

ሀገራችን ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎች ልዩ ድጋፍ ማድረግ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ታዳጊ ተብለው ለተለዩት የአፋር፣ የሶማሌ፣ የጋምቤላና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች ተማሪዎች ዝቅ ያለ የመግቢያ ነጥብ ሲሠራበት ኖሯል። ይህ ተገቢ ነው፤ እንዲቀነስም አንጠይቅም። መለኪያው ክልል በመሆኑ ግን ከክልሉ ውስጥ ወደ ኋላ የቀረ ወረዳ አይታይም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞናችን ነዋሪ 457,278 ነበር፤ የአማራ ክልል ደግሞ ከ17 ሚሊዮን በላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ድምር ውስጥ የባቲ፣ የደዋ ጨፋ፣ የአርጡማ ፉርሲ፣ የጅሌ ጥሙጋና የደዌ ሐረዋ ተማሪዎች ውጤት ሙሉ በሙሉ ዜሮ ቢሆን እንኳ የክልሉን አማካይ ብዙም አያነቃንቀውም። የባቲ ቆላ ልጅና ከወሰኑ ማዶ ያለው የአፋር ልጅ በአንድ ገበያ ይውላሉ፣ በአንድ ድርቅ ይጎዳሉ፤ አንዱ በታዳጊ ክልል ሲቆጠር ሌላው ከባሕር ዳርና ከደሴ ልጆች ጋር በአንድ አማካይ ይደመራል።

ወላጅ ይህን ሁሉ ያያል፤ ከዚያም ያሰላል። ከተማችን ወደ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ በሚወስደው የስደት መስመር ላይ ያለች ናት። ከዞናችንና ከደቡብ ወሎ በጅቡቲዋ ኦቦክ አድርጎ በየመን አቋርጦ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው፤ በባሕር የቀረውንና በየመን በረሃ የወደቀውንም የምናውቅ ቤተሰቦች ነን። ደላላው ይህን ያህል ክፈል፣ ይህን ያህል ትልካለህ ብሎ ለአባት በቁጥር ይነግረዋል። የምሕንድስና ትምህርት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ምን እንደሚያስወጣ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ በቁጥር የነገረው ግን የለም። ከስደት ጋር የምንወዳደረው በምክር ብቻ ከሆነ እንሸነፋለን።

የአሁኑ ትውልድ የደረሰበትም ቀላል አይደለም። በ2018 ዓ.ም. 11ኛ ክፍል ያለ ልጅ 5ኛ ክፍል ሳለ በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። 7ኛ ክፍል ሲገባ የሰሜኑ ጦርነት ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲንና ከሚሴን አዳረሰ፤ በዚያው ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፎ ቤተ ሙከራዎቹና ኮምፒውተሮቹ ወደሙ። 9ኛ ክፍል ሲደርስ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነስቶ ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ራቁ። ይህ ልጅ ነው በአንድ ወረቀት ላይ ከሌላው ጋር እኩል የሚፈተነው። ፈተናው ይቀየርለት አንልም። እስከ ፈተናው ያለው መንገድ ግን ሊካስለት ይገባል።

የገጠሩን ተማሪ እንዲህ የመደገፍ ሥራ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን የበእደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን ሰብስቦ 12ኛ ክፍልን በዩኒቨርሲቲው ሥር ያስተምር ነበር፤ የጠቅላይ ግዛት ልጅ ከዩኒቨርሲቲ አኗኗርና አስተማማር ጋር የሚላመደው ፍሬሽማን ከመሆኑ አስቀድሞ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ የኮሌጅ ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር እየላከ አብዛኛዎቹን በመምህርነት ያሠራ ነበር። ሁለቱም የቆሙት ሳይጠቅሙ ቀርተው አይደለም፤ ዘመኑ ስለተገለባበጠ ነው።

እንዲህ ያለው ድጋፍ ምን እንደሚያፈራ ለመረዳት የማሽላ ተመራማሪውን የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታን መንገድ ማየት ይጠቅማል። በወሎንኮሚ ከደሃ ቤተሰብ ተወልደው፣ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ተጉዘው ሳምንቱን ሲማሩ ሰንብተው ዓርብ ወደ እናታቸው የሚመለሱ ልጅ ነበሩ። ወደ ጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስገባቸው ዕድል ባይኖር፣ ከዚያም ወደ ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ያሻገራቸው ድጋፍ ባይኖር የልጁ ብልህነት ብቻውን ወዴት እንደሚያደርስ ማንም ያውቀዋል። አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ አግኝተው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ማሽላ የባቲ ቆላ እንጀራ ነው፤ አቀንጭራም የባቲ ገበሬ ጠላት ነው። አንድ ልጅን ለማስተማር የወጣ ገንዘብ ስንት ማሳ እንደሚያድን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናቀርብም። ከክልላችንም ከፍኖተ ሰላም የተነሱት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ አሉ። ከአካባቢያቸው ዲግሪ ለመያዝ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው፣ በዕፅዋት በሽታ ምርምር የሎሬያል–ዩኔስኮን የሴቶች ሽልማት በ2014 እ.ኤ.አ. አግኝተዋል፤ በናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከልም መርተዋል።

ከቅርቡ ታሪካችን ደግሞ የሚያስተምረን ስህተትም አለ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የ70/30 ፖሊሲ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚገቡት 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ አደረገ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ነገር ግን የተቆጠረው የገባው ተማሪ ነው፤ ቤተ ሙከራውም መምህሩም በዚያው ፍጥነት አልጨመረም። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ሲሰጥ ያለፈው በጠቅላላው 40.65 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተናን ላላለፉ የተጀመረው የሪሚዲያል (የማካካሻ) ፕሮግራም ለብዙ ልጆች ሁለተኛ ዕድል ከፍቷል፤ ማኅበራችንም ያመሰግናል። ይሁን እንጂ አሥራ ሁለት ዓመት የተጠራቀመን ጉድለት በጥቂት ወራት ለመሙላት መሞከር ነው፤ ያለፈውም ልጅ ፍሬሽማን ላይ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። የትምህርት ክፍል ምደባ የሚሠራው በመጀመሪያው ዓመት ነጥብ ነው። ሲቪል፣ ኤሌክትሪካል፣ ሶፍትዌር የሚባሉትን ክፍሎች የሚሞሉት መጀመሪያውኑ በጥሩ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። ከገጠር የመጣው ዩኒቨርሲቲ ገባ ተብሎ ተጨፍሮለት፣ ምሕንድስና ሳይገባ ይቀራል። ይህን ቁጥር ማንም አይዘግበውም፤ እኛ ግን ዋናው ወንፊት እዚህ ላይ እንዳለ እናምናለን።

በሌላው ዓለም ከተሞከሩት ውስጥ ለእኛ የቀረበው በአሜሪካ በሜሪላንድ ባልቲሞር ካውንቲ ዩኒቨርሲቲ በ1988 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የማየርሆፍ ፕሮግራም ነው። ሮበርትና ጄን ማየርሆፍ የተባሉ ባልና ሚስት ገንዘቡን ሰጡ፤ ፍሪማን ህራቦውስኪ መሩት። ዓላማው በሳይንስና በምሕንድስና ቁጥራቸው አነስተኛ የነበሩትን ጥቁር አሜሪካውያን እስከ ዶክትሬት ማድረስ ነበር። ገንዘቡ የትምህርት ክፍያን ብቻ አልሸፈነም። ተማሪዎቹ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ክረምቱን አብረው ያሳልፋሉ፣ በቡድን ያጠናሉ፣ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ምርምር ላይ ይሠማራሉ፣ የሚከታተላቸው አማካሪ አላቸው። ግብዣው ደርሷቸው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከመረጡት ጋር ሲነጻጸሩ ወደ ሳይንስ ዶክትሬት የዘለቁት በብዙ እጥፍ በልጠው ተገኝተዋል። ሌሎች ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎችም ቀድተውታል። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮንግረስ አባሉ በሉዊስ ስቶክስ ስም በተሰየመ ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲዎችን ጥምረት በዚሁ ዓላማ ሲደግፍ ቆይቷል። እኛ ከዚህ የወሰድነው ትምህርት አንድ ነው፤ ብቻውን የሚወድቅ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሲደራጅ አይወድቅም፤ ማደራጀት ደግሞ ገንዘብና ሰው ይፈልጋል።

ከቤታችንም አብነት አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ (ስቴም) ማዕከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እያስገባ በቤተ ሙከራ ያሠራል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በሚያካሂደው ፕሮግራም አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ሙሉ ድጋፍ እያገኙ ይማራሉ። የባሕር ዳሩ ከባቲ ሩቅ ነው፤ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውና ዋናው ጥያቄያችን የቀረበው ስለ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ በጀት ውስጥ ለዞናችንና ለአጎራባች ገጠር ወረዳዎች ተማሪዎች የሚውል፣ ለሌላ ሥራ የማይዛወር መደብ ይከፈት። በዚህ ገንዘብ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተመረጡ ተማሪዎች በየክረምቱ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ገብተው እንግሊዝኛን፣ ሒሳብንና ፊዚክስን ይማሩ፣ ቤተ ሙከራ ይሥሩ። የሚያስተምሯቸው መምህራን ውስጥ አፋን ኦሮሞ የሚችሉ ይኑሩ። ያለፉት ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ፣ የትም ይመደቡ የት፣ ፍሬሽማን ዓመት ላይ አማካሪና የጥናት ቡድን ይጠብቃቸው። መኝታና ምግብ በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ይገኛል፤ ላፕቶፕ የሌለው የሶፍትዌር ተማሪ፣ ካልኩሌተር የሚዋስ የሲቪል ተማሪ፣ የመሳፈሪያ አጥቶ በዕረፍት ጊዜ ግቢ የሚቀር ተማሪ ግን አለ። እነዚህ ትንንሽ የሚመስሉ ወጪዎች ናቸው ልጁን ከትምህርቱ የሚያስወጡት።

ስለ ጊዜው አጥብቀን እንናገራለን። ከ9ኛ ክፍል እስከ ምሕንድስና ምረቃ 9 ዓመት ነው። ለጋሽ ድርጅቶች የሚያመጡት ፕሮጀክት ግን ብዙውን ጊዜ 3 ዓመት ነው። በ3ኛው ዓመት ሪፖርቱ ይጻፋል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ልጁ 11ኛ ክፍል ላይ ይቀራል። አንድን ተማሪ መሐል መንገድ ላይ ከመተው ቁጥሩን ቀንሶ እስከ መጨረሻው መውሰድ ይሻላል። ከ9 ዓመት ያነሰ ቃል የሚገባ ለጋሽ ቀሪውን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ በውሉ ላይ እንዲያስፈርም እንጠይቃለን።

ስለ ሴት ልጆች ስንናገር ልባችን ይነካል። ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሰባሰበው መረጃ ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ውስጥ ሴቶቹ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በእኛ ወረዳ 8ኛ ክፍልን በአንደኛነት የጨረሰች ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከቀበሌዋ ስለሚርቅ ከተማ ቤት መከራየት አለባት። ኪራዩ አለ፣ ውሃው አለ፣ ደኅንነቷ አለ፣ የወር አበባ ጊዜ የምትገለገልበት መጸዳጃ ቤት አለመኖሩ አለ። ብዙ አባቶች ልጄ ብቻዋን ከተማ አትኖርም ቢሉ ጭካኔ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። በባቲና በከሚሴ ሴት ተማሪዎች በጥበቃ የሚያድሩበት፣ ማታ መብራት ያለው የጥናት አዳራሽ ያለው ማደሪያ ቢሠራ አባት ፈቃዱን እንደሚሰጥ ከወላጆች ጋር ባደረግናቸው ውይይቶች ተረድተናል። ከምንጠይቀው የበጀት መደብ ግማሹ ለሴቶች እንዲውል አቋማችን ነው፤ ማደሪያውም የመጀመሪያው ወጪ ይሁን።

የሚነሱብንን ተቃውሞዎች እናውቃለን። አንዳንዶች ይህ ጥያቄ ብሔርን መሠረት ያደረገ ነው ይላሉ። አይደለም። የምንጠይቀው በወረዳና በትምህርት ቤት እንዲለካ ነው። በባቲ ወረዳ ያለ የአማራ ገበሬ ልጅ፣ በከሚሴ ዙሪያ ያለ የአርጎባ ልጅ፣ የኦሮሞ ልጅ ሁሉም እኩል ይካተታሉ፤ ይኸው መለኪያ ለዋግ ኽምራም ለሰሜን ወሎ ቆላም ቢሠራ ደስታችን ነው። ሌሎች ደግሞ ችሎታ ይበላሻል ይላሉ። እኛ የመመረቂያው መስፈርት በአንዲት ነጥብ እንዲቀነስ አንጠይቅም፤ የባቲ ልጅ የነደፈው ድልድይ እንደማንኛውም መሐንዲስ ድልድይ መኪና መሸከም አለበት። ገንዘቡ የሚጠየቀው ልጁ መስፈርቱ ጋ እንዲደርስ ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ የሚከብደን ነው፤ ተመርቀው ሥራ ያጡ መሐንዲሶች እያሉ ለምን ሌላ ይጨመራል ይባላል። ሥራ ያጡትን እናውቃቸዋለን፤ ከመካከላችንም አሉ። መልሳችን ዞኑና ክልሉ የውሃ፣ የመንገድ፣ የመስኖና የአካባቢ ጥበቃ ሥራዎቻቸውን ሲያወጡ የአካባቢው ተመራቂዎች በልምምድ የሚገቡበትን ቦታ በውል ይያዙ የሚል ነው። በዞናችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ፊዚክስ ለማስተማር የሚመጣ የሳይንስና የምሕንድስና ምሩቅ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳው በአገልግሎት እንዲሰረዝለት እንጠይቃለን። እንዲህ ከሆነ ቀጣዩን 9ኛ ክፍል የሚያስተምረው ራሱ በመንገዱ ያለፈ ሰው ይሆናል።

የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት የሚመድበውን ሀብት በየጊዜው እያሳደገ እንዲሄድ ያስገድደዋል። አንቀጽ 89 በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ይደነግጋል። አንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃን ይፈቅዳል። ትምህርት ሚኒስቴርም ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የቁልፍ አፈጻጸም መለኪያ ውል መፈራረም ጀምሯል። በዚህ ውል ላይ አንድ መለኪያ ይጨመር፤ ከየወረዳው ስንት ተማሪ ሳይንስና ምሕንድስና ገባ፣ ስንቱ ሁለተኛ ዓመት ደረሰ፣ ስንቱ የመውጫ ፈተናን አለፈ የሚለው በጾታ ተለይቶ በየዓመቱ ይታተም።

ማኅበራችን በበኩሉ የሚችለውን አስቀምጧል። አባላት ቅዳሜና እሑድ ለ9ኛና 10ኛ ክፍል ተማሪዎች በነጻ ያስተምራሉ፤ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የሳይንስ ቃላት መጽሐፍ እናሰናዳለን፤ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆቻችንን ከታናናሾቻቸው ጋር እናገናኛለን። በሳዑዲ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ የባቲና የወሎ ልጆች ለአንድ ተማሪ የ9 ዓመት ወጪ በጋራ ብትይዙ መንግሥት እስኪደርስ የሚጠብቅ ልጅ አይኖርም።

የ2019 ዓ.ም. በጀት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት ትምህርት ሚኒስቴርና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይህን መደብ በረቂቁ ውስጥ እንዲያስገቡ፣ የክልሉ ትምህርት ቢሮም የዞናችንን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጤት በየትምህርት ቤቱ ለይቶ ለሕዝብ እንዲያወጣ በጥብቅ እንጠይቃለን። እናንተ ወላጆች ደግሞ ልጃችሁን ለደላላ ከመስጠታችሁ በፊት ወደ እኛ ኑ፤ መንገዱን በቁጥር እንነግራችኋለን።

ባቲ፣ 2018 ዓ.ም.